በእንግሊዝኛ ፊልም የምንሰማውን ፈሊጥ እንዴት እንፈታዋለን?

በአንድ የሐምሌ ምሽት፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዝናቡ የደሴን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ከእህቴ ልጅ ጋር ቡና እየጠጣን በፍላሽ የተጫነ የአሜሪካ ፊልም እንመለከት ነበር። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ከባድ ሳጥን አቅፎ እየተንገዳገደ ወደ ባልንጀራው ዞረና «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» አለው። ልጁ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለሆነ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የማያውቀው ቃል የለም፤ ስለዚህም ሳያመነታ «ጋሼ፣ እጅ ስጠኝ እያለው ነው፤ ለካ ጠላቶች ናቸው» ሲል ተረጎመልኝ። ባልንጀራው ግን እጁን ወደ ላይ አላነሳም፤ ጠጋ ብሎ የሳጥኑን ሌላ ጫፍ ያዘለት እንጂ። ልጁ ይህን አይቶ ጥቂት ዝም አለና «አግዘኝ ነው እንዴ ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ። መዝገበ ቃላት አልገለጠም፤ እኔም አልነገርኩትም። የነገረው የባልንጀራው ምላሽ ነው።

ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ የፈሊጥ ፍች በመጀመሪያ የሚፈለገው በቃላቱ ውስጥ ሳይሆን ቃሉ የተነገረው ሰው በሚሰጠው ምላሽ ውስጥ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ፈሊጥ ጠባይ አንድ ነገር መግባባት ያስፈልጋል። ፈሊጥ የቃላቱ ፍች ቢደመር የማይገኝ ትርጉም ያለው አነጋገር ነው። በአማርኛ «እገሌ ጨርቁን ጣለ» ሲባል የምናስበው አእምሮው የታወከ ሰው ነው፤ ጨርቁ የት እንደ ወደቀ የሚጠይቅ የለም። በእኛ አካባቢ ብዙ መምህራን ይህን በሰምና ወርቅ ያስረዳሉ፤ ዋድላን የመሰለ የቅኔ አገር ባለበት በወሎ ይህ ምሳሌ ቢቀናቸው አያስገርምም። እኔ ግን ምሳሌው ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሳል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በቅኔ ሰሙም ወርቁም አብረው ይሰማሉ፣ የቅኔው ጣዕም ያለውም ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ በመስማት ላይ ነው። በፈሊጥ ውስጥ ግን ሰሙ ቀልጦ አልቋል። አንድን ሥራ «ፒስ ኦፍ ኬክ» ነው የሚል አሜሪካዊ ኬክ ትዝ አይለውም፤ «በጣም ቀላል ነው» ማለቱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ኬኩ ከምን መጣ?» እያለ የቀለጠውን ሰም የሚፈልግ ተማሪ ወርቁ ሲያልፈው አያየውም።

መሣሪያውን ማዘጋጀት

በመጀመሪያ ተስማሚ ፊልም ይምረጡ። ለዚህ ሥራ የሚሻለው በዘመናችን የዕለት ኑሮ ላይ የተሠራ፣ ቤተሰብ፣ ቢሮ ወይም ጓደኛሞች የሚነጋገሩበት ፊልም ነው፤ የጦርነትና የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ብዙ ድምፅና ጥቂት ንግግር ይዞ ይመጣል። ከአንድ ፊልም ይልቅ ተከታታይ ድራማ ይመረጣል፤ አንድ ገጸ ባሕርይ የሚወደውን ሐረግ በየክፍሉ ስለሚደግመው በአምስተኛው ክፍል ላይ ሳይፈልጉት ይለመዳል። በአማርኛ ተራኪ ድምፅ የሚቀርበው የትርጉም ፊልም ለመዝናናት መልካም ቢሆንም፣ የምንፈልገውን የእንግሊዝኛ ድምፅ ስለሚሸፍንብን ለዚህ አይሆንም።

ቀጥሎ ሰብታይትሉን፣ ማለትም በግርጌ የሚሄደውን ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ ያግኙ። የአማርኛ ሰብታይትል ፍቹን ቀድሞ ይነግርዎታልና ጆሮዎን ያሰንፈዋል፤ ያለ ምንም ጽሑፍ ማየት ደግሞ፣ በተለይ እንደ ደሴ ቆርቆሮ የሚጮህበት ቤት ውስጥ፣ ግማሹን ንግግር ያስቀራል። ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች ብዙ ጊዜ ፊልሙን ብቻ ገልብጠው ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የሰብታይትሉን ፋይል ጨምረው እንዲጭኑልዎ ይጠይቁ። ይህ ፋይል ብዙውን ጊዜ በስሙ መጨረሻ ላይ «ኤስ አር ቲ» የሚሉ ፊደላት አሉት፤ ውስጡ ሰዓትና ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ከፊልሙ ጋር ሲነጻጸር ከምንም የማይቆጠር ቦታ ነው የሚይዘው። ፋይሉ ከፊልሙ ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ስም ከተቀመጠ ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ራሱ ፈልጎ ይከፍተዋል።

በቪኤልሲ ሦስት ነገር ማወቅ ይበቃል። የባዶ ቦታውን ረጅም ቁልፍ ሲጫኑ ፊልሙ ይቆማል። ሺፍትን ይዘው የግራ ቀስቱን ሲጫኑ ሦስት ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህ ለአንድ ፈሊጥ ልክ የሚሆን ርቀት ነው። ጽሑፉ ከድምፁ የዘገየ እንደሆነ የጂን ቁልፍ፣ የቀደመ እንደሆነ ደግሞ የኤችን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ አንዱ ጭነት የሚያንቀሳቅሰው 50 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የአንድ ሰከንድ አንድ ሃያኛ ስለሆነ አንድ ሙሉ ሰከንድ ለማስተካከል 20 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግዎት አንድ ደብተርና እርሳስ ነው፤ መብራት ሲሄድም ደብተሩ ይነበባልና በስልክ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ትዕይንቱን ሦስት ጊዜ ማየት

ሙሉ ፊልም በአንድ ጊዜ ለማጥናት አይሞክሩ። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆን፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው የሚነጋገርበት ትዕይንት ይምረጡና እንደ ቡናችን ሦስት ጊዜ ይመልከቱት። በአቦሉ ሳያቆሙ፣ ሳይጽፉ፣ ታሪኩን ብቻ ይከተሉ። በቶናው ሰብታይትሉን እያነበቡ ግራ ባጋባዎት ቦታ ሁሉ ያቁሙ። በበረካው ሰብታይትሉን አጥፍተው በጆሮዎ ብቻ ይስሙ። ቡናው ከአቦል ወደ በረካ እየቀጠነ ሲሄድ ትዕይንቱ ግን በተቃራኒው እየወፈረ ይመጣል።

በሁለተኛው ዙር የት እንደሚያቆሙ የሚነግርዎት ምልክት አለ። የማያውቁት ቃል ካጋጠመዎት ያ የቃላት ጉዳይ ነው፤ መዝገበ ቃላት ይፈታዋል። ሁሉንም ቃል እያወቁት ዐረፍተ ነገሩ ለቦታው አልስማማ ካለ ግን ፈሊጥ አግኝተዋል። በሐኪም ቤት ትዕይንት ውስጥ ስለ ባልዲ ከተወራ («ኪክ ዘ ባኬት»፣ ባልዲውን ረገጠ፣ ሞተ ማለት ነው)፣ በሠርግ ዋዜማ ሙሽራው «እግሬ ቀዘቀዘ» ካለ፣ ሁለት ጎረምሶች ስለ ፈተና ሲያወሩ ኬክ ከመጣ፣ እዚያ ላይ ያቁሙ።

ሌላው ምልክት ትንንሽ ቃላት ናቸው። እንግሊዝኛ እንደ «ብሬክ»፣ «ፑት»፣ «ቴክ»፣ «ጌት» ያሉትን ተራ ግሦች ከ«አፕ»፣ «ዳውን»፣ «ኢን»፣ «አውት» ጋር እያጋጠመ አዲስ ግሥ ይፈጥራል፤ «ብሬክ አፕ» ፍቅረኛሞች ተለያዩ፣ «ብሬክ ዳውን» መኪናው ቆመ ወይም ሰውየው አልቅሶ ተሸነፈ፣ «ብሬክ ኢን» ሌባ ሰብሮ ገባ፣ «ብሬክ አውት» ከእስር አመለጠ ወይም ወረርሽኝ ተነሣ። ተማሪዎች በዚህ ይማረራሉ፤ ነገር ግን አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው በ«አለ» የሚሠቃየውን ያህል አይሆንም። «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «እምቢ አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም፤ እንዲያውም «ዝም አለ» የመናገር ተቃራኒ ነው። «ብድግ»ን ከ«አለ» ነጥለን እንደማንፈታው ሁሉ «ብሬክ»ንም ከ«አፕ» ነጥለን መፍታት የለብንም፤ ሁለቱን በደብተር ላይ በአንድነት፣ እንደ አንድ ቃል ይጻፏቸው።

ምላሹን መከተል

ካቆሙ በኋላ ወደ መዝገበ ቃላት አይሩጡ። ይልቁንስ ትዕይንቱን ለአሥር ሰከንድ ያህል ወደ ፊት ይልቀቁትና አራት ነገር ይመልከቱ፦ ማን ለማን ተናገረ፣ ከንግግሩ በፊት ምን ሆነ፣ አድማጩ ምን መለሰ ወይም ምን አደረገ፣ ፊቱስ ምን መሰለ። ከአራቱ ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል።

አንድ ትዕይንት ቀርበን እንይ። ሁለት እህትማማቾች ወጥ ቤት ውስጥ ናቸው። ታናሽየዋ ብቻዋን ፈገግ እያለች ዕቃ ታጥባለች፤ ግራ እጇን ከውሃው አውጥታ አታውቅም። ታላቅየዋ ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ክንዶቿን አጣምራ «ስፒል ዘ ቢንስ» ትላታለች። ቃል በቃል «ባቄላውን አፍስሺ» ማለት ነው። በወጥ ቤቱ ውስጥ ግን ባቄላ የለም፤ ታናሽየዋም ምንም አላፈሰሰችም። ያደረገችው ነገር እጇን ከአረፋው ውስጥ አውጥታ የቀለበት ጣቷን ማሳየትና ትናንት ማታ የሆነውን አንድ በአንድ መናገር ነው። ጥያቄው ምን እንደ ነበር አሁን ግልጽ ነው፤ የደበቅሽውን ንገሪኝ፣ ወይም በእኛው አባባል «የሆድሽን ዘርግፊው»። እዚህ ላይ «ዘርግፊ» ከ«አፍስሺ» ጋር መገጣጠሙ መልካም ዕድል ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም።

የምላሹን ጉልበት ይበልጥ የሚያሳዩት ተራ መስለው የሚያታልሉ ሐረጎች ናቸው፤ በእኔ እምነት አማርኛ ተናጋሪን ከሁሉም በላይ የሚያስቱትም እነዚህ ናቸው፤ የሚገርም ባቄላ ወይም ባልዲ ስለሌላቸው ማንም አይጠረጥራቸውም። አንዱ ሠራተኛ «ይህ አለቃ ሊገድለን ነው» ሲል ባልደረባው «ቴል ሚ አባውት ኢት» ይለዋል። ቃሉ «ስለ እሱ ንገረኝ» ቢልም የመጀመሪያው ሰው ምንም አይነግረውም፤ ሁለቱም ተንፍሰው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ትርጉሙ «ለማን ትነግራለህ!» ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ ማለት። አንዲት ልጅ ሎተሪ እንደ ደረሳት ስትናገር ጓደኛዋ «ጌት አውት ኦፍ ሂር!» ትላለች፤ ልጅቷ ግን ከክፍሉ አትወጣም፣ እንዲያውም ቲኬቱን ታሳያለች፤ ይህ የእኛው «ሂጂ ወዲያ!» ነው። «ሸት አፕ!» የሚለውም በዓይን መፍጠጥና በሳቅ ከታጀበ ቁጣ አይደለም፤ «አትለኝም!» ማለት ነው። «ዩ ቤት» የሚለውን ቃል በቃል «ትወራረዳለህ» ብሎ የፈታ ሰው ገንዘብ ሲወጣ ይጠብቃል፤ የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ ፍቹ «እንዴታ!» ነው። «ቢትስ ሚ» ደግሞ «ይመታኛል» ሳይሆን ትከሻ ከፍ ተደርጎ የሚባል «እኔ እንጃ» ነው።

ከዚህ ጋር አሽሙርን መለየት ያስፈልጋል። ብርጭቆ ለሰበረ ሰው «ግሬት ጆብ» ሲባል ምስጋና አይደለም፤ እኛም «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ» የምንለው ለዚያው ነው። የአድማጩ ፊት ከተኮሳተረ ወይም ካፈረ ነገሩ ተገልብጦ ይፈታል።

የአማርኛ አቻውን መጻፍ፤ በተለይ የአካል ክፍል ሲመጣ

በደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ ፈሊጥ ሐረጉን፣ ማን ለማን እንዳለው፣ የአድማጩን ምላሽ፣ በመጨረሻም በዚያው ቦታ አንድ የወሎ ሰው የሚለውን አባባል ይጻፉ። የመጨረሻው ትርጉም ሳይሆን አቻ ነው። «ባይት ዘ ቡሌት» የሚለውን «ጥይት ነከሰ» ብለው ቢጽፉት ከሳምንት በኋላ ለራስዎም አይገባዎትም፤ «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» ካሉት ግን አይጠፋዎትም። «ቢት አራውንድ ዘ ቡሽ» «ዙሪያ ጥምጥም መሄድ» ነው፤ «ሆልድ ዩር ሆርስስ» ምንም ፈረስ ባይኖርም «ረጋ በል» ነው፤ «ኮልድ ሾልደር» ሰጠው ማለት «ፊት ነሳው» ነው፤ «ኮልድ ፊት» የያዘው ሙሽራ «ወኔው የከዳው» ሙሽራ ነው፤ «ፑሊንግ ማይ ሌግ» እግር መጎተት ሳይሆን «ታሾፍብኛለህ?» ነው፤ «ኦቨር ማይ ዴድ ቦዲ» ደግሞ ከእኛው «ሬሳዬን ተራምደህ» ጋር አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ።

አደጋው ያለው ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ቃል ይዘው የተለያየ ነገር ሲሉ ነው። በመግቢያዬ የጠቀስኩት «እጅ» አንዱ ነው፤ በአማርኛ «እጅ ሰጠ» ተሸነፈ፣ «እጅ ነሳ» አክብሮ ሰላምታ አቀረበ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ እጅ መስጠት ማገዝ ነው፤ በአዳራሽ ውስጥ ለአንድ ሰው «ቢግ ሃንድ» ስጡት ከተባለ ደግሞ አጨብጭቡለት ማለት ነው። «ጋትስ» የሚለው ቃል አንጀት ማለት ነው፤ የእኛ አንጀት የርኅራኄ ማደሪያ ነው፣ «አንጀቴን በላው» የምንለውም ላሳዘነን ሰው ነው። በፊልሙ ውስጥ «ሂ ሃዝ ጋትስ» የተባለው ሰው ግን አዛኝ ሳይሆን ደፋር ነው፤ አቻው «ወኔ አለው» ነው። «ኢት ዩር ዎርድስ» ቃል በቃል «ቃልህን ብላ» ይላል፤ እኛ ቃሉን በላ የምንለው የገባውን ቃል ያፈረሰውን ሰው ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ግን የተናገረው ስሕተት እንደ ነበር ለማመን የተገደደ ሰው ነው ቃሉን የሚበላ። መብላት ላይ ሳለን፣ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ልጅ እናቱ «ወትስ ኢቲንግ ዩ?» ብትለው ምን አውሬ በላህ ማለቷ አይደለም፤ «ምን ሆነሃል? ምን ከነከነህ?» ነው። «አይ ጋት ዩር ባክ» የሚለውንም ጀርባ ከመስጠት ጋር እንዳያምታቱት፤ ጀርባ መስጠት በእኛ ዘንድ መክዳት ሲሆን ይህኛው «አለሁልህ፣ ከኋላህ ነኝ» ነው።

ለእነዚህ ዓይነቶች በደብተርዎ ላይ የተለየ ገጽ ይክፈቱ፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ ነው የምጽፋቸው።

ጆሮን ማሠልጠን

በሦስተኛው ዙር ሰብታይትሉን ሲያጠፉ የታወቀው ሐረግ ድንገት ይጠፋብዎታል። ምክንያቱ ተናጋሪዎቹ ቃላቱን ማጣበቃቸው ነው፦ «ጎይንግ ቱ» «ጎና» ይሆናል፣ «ዎንት ቱ» «ዋና»፣ «ጋት ቱ» «ጋታ»፣ «ሌት ሚ» «ለሚ»። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚጠቀምበት አንድ ሀብት አለው። አሜሪካዊ በሁለት አናባቢ ድምፆች መካከል የገባውን «ት» ምላሱን አንዴ ብቻ ላንቃው ላይ ጠቅ አድርጎ ነው የሚያልፈው፤ ያ ድምፅ ለእኛ ጆሮ «ር» ነው። «ዋተር» «ዋረር» ሆኖ ይሰማል፤ «ሸት አፕ» «ሸራፕ»፤ ይበቃሃል ተው ለማለት የሚነገረው «ካት ኢት አውት» ደግሞ «ከሪራውት» ይሆናል። ስለዚህ በአሜሪካ ፊልም ውስጥ «ር» የማይጠበቅበት ቦታ «ር» ከሰሙ በእሱ ፋንታ «ት» ወይም «ድ» አስገብተው ይሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ሐረጉ ወዲያው ይወጣል። የለንደን ተራ አነጋገር ግን ያንኑ «ት» ጉሮሮው ውስጥ ውጦ ያስቀረዋልና ይህ ዘዴ ለዚያ አይሠራም።

ሰብታይትሉና ድምፁ ባይገጣጠሙ አይደናገጡ። ሰብታይትል አዘጋጆች ጽሑፉን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መስመር እንዳያልፍ አድርገው፣ በአንዱም መስመር ከ42 ፊደል ያህል ሳይበልጡ ስለሚያሳጥሩ አንዳንድ ቃል ይቀራል። ጆሮዎ የሰማው ተጨማሪ ቃል ካለ ለጆሮዎ ይድሉለት።

የፈሊጡን ቤተሰብ ማወቅ

ብዙ ፈሊጥ ከጥቂት ምንጮች ስለሚቀዳ ምንጩን ማወቅ በአንዴ አምስት ስድስቱን ይፈታል። ቦክስን የሚያውቅ ሰው አሠልጣኙ ተፋላሚው ሲያቅተው ፎጣ ወደ መድረኩ እንደሚወረውር ያውቃል፤ ስለዚህ «ስሮው ኢን ዘ ታወል» «እጅ ሰጠ» መሆኑን ለማንም ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ከቀበቶ በታች መምታት ክልክል ስለሆነ «ቢሎው ዘ ቤልት» ነውረኛ ንግግር ነው፤ ደወሉ ዙሩን ስለሚያስቆም «ሴቭድ ባይ ዘ ቤል» በመጨረሻዋ ሰዓት መትረፍ ነው። ከካርታ ጨዋታ «ፖከር ፌስ»፣ ማለትም ስሜቱን የማያሳይ ፊት፣ እና «ኤስ አፕ ሂዝ ስሊቭ»፣ ማለትም የደበቀው የመጨረሻ ብልሃት፣ መጥተዋል። ከቴኒስ የመጣው «ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት» ተራው ያንተ ነው ማለት ነው።

የሚያስቸግረን ኳስ በዱላ የሚመታበት የአሜሪካ ጨዋታ፣ ቤዝቦል ነው። ሆጤ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጠለዝ ያደገ ልጅ ቤዝቦልን ከየት ያውቀዋል? ሦስት ነገር ግን ይበቃዋል። መቺው ሦስት ጊዜ «ስትራይክ»፣ ማለትም የመምታት ዕድሉ እንዳመለጠው፣ ከተቆጠረበት ይወጣል፤ ስለዚህ «ስትራይክ አውት» አልተሳካለትም ነው። ጨዋታው የሚካሄድበት ሜዳ «ቦልፓርክ» ይባላል፤ «ቦልፓርክ ፊገር» ግምታዊ ቁጥር ነው። ዝናብ ጨዋታውን ሲያስቆመው ተመልካቹ ለሌላ ቀን የሚያገለግል የቲኬት ቁራጭ ይሰጠው ነበር፤ ዛሬ በእራት ግብዣ ላይ «አይል ቴክ ኤ ሬን ቼክ» የሚል ሰው «ዛሬ አይመቸኝም፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይልኝ» እያለ ነው።

ከፍርድ ቤት ደግሞ «አይ ፕሊድ ዘ ፊፍዝ» በየፊልሙ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ ማንም ሰው በወንጀል ጉዳይ በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ ይከለክላል። በፊልም ግን ብዙ ጊዜ የሚባለው ሚስት «የልጁን ቸኮሌት ማን በላው?» ስትል ባል አፉን እየጠረገ ነው፤ «አልናገርም፣ ብናገር በራሴ ላይ ነው» እንደ ማለት።

የምንጭ ታሪክ ሲያነቡ ግን ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ ጣፋጭ ታሪኮች ከፈሊጡ በኋላ የተፈጠሩ ናቸው፤ ፍቹን ለማስታወስ ከረዳዎት ይያዙት፣ በማስረጃነት ግን አይጥቀሱት።

ግምቱን ማረጋገጥ

ግምትዎን በእርሳስ ከጻፉ በኋላ ብቻ መዝገበ ቃላት ይክፈቱ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ለቋንቋ ተማሪዎች ያዘጋጇቸው መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ፤ ሙሉውን ሐረግ እንጂ አንዱን ቃል ብቻ አይጻፉላቸው። ከፍቹ አጠገብ «ኢንፎርማል» ወይም «ኦፌንሲቭ» የሚል ምልክት ካለ እሱንም ይገልብጡት። የማሽን ትርጉም ሐረጉን ቃል በቃል መልሶ ሊሰጥዎ ስለሚችል ለዚህ ሥራ ዳኛ አያድርጉት።

መናገር ከመሞከር በፊት

መረዳትና መጠቀም የተለያዩ ናቸው፤ በፊልም የሰሙትን ሁሉ ለመናገር አይቸኩሉ። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ የሆነ አንድ ዘመዴ እንግሊዝኛውን በአብዛኛው ያገኘው ከፊልም ነው። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎብኚ ምርኩዛቸውን ይዘው ተራራ ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ሊወጡ ሲነሡ መልካም የተመኘላቸው መስሎት «ብሬክ ኤ ሌግ!» አላቸው። ሐረጉ በእርግጥ «ይቅናህ» ማለት ነው፤ የሚባለው ግን መድረክ ላይ ለሚወጣ ተዋናይ፣ ለዘፋኝ፣ ቢበዛ ለፈተና ወይም ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለሚገባ ሰው ነው። ገደላማ መንገድ ሊወጣ ለተነሣ ሰው ሲነገር ሰሙ እንደ ገና ይረጋል፤ እግርዎ ይሰበር የሚለው ብቻ ይሰማል። ሴትዮዋ ደግነታቸው ሆኖ ሣቁ፤ ዘመዴ ግን ደብተሩ ላይ «ማን ለማን» የሚለውን ዓምድ ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ ትቶት አያውቅም።

ደንቡ ቀላል ነው። አንድን ሐረግ በሁለት የተለያዩ ፊልሞች፣ በሁለት የተለያዩ ሰዎች አፍ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ሳይሰሙት አይጠቀሙበት። ጓደኛ ለጓደኛ ያለውን ለመምህር ወይም ለቀጣሪ አይበሉ፤ «ወትስ አፕ»ን ለመምሪያ ኃላፊ ማለት «አንተ» ብሎ እንደ መጥራት ይቆጠራል። እንግሊዝኛ «አንተ»ና «አንቱ» የሚለይበት ተውላጠ ስም የለውምና አክብሮቱ ያለው በሐረግ ምርጫ ላይ ነው።

በሳምንት ሁለት ትዕይንት፣ ከአንዱ ትዕይንትም ከአምስት የማይበልጥ ፈሊጥ ይበቃል። ሁሉን ደረጃ አልፈው አሁንም ያልተፈታ ሐረግ ቢኖር በገጹ ዳር የጥያቄ ምልክት አድርገው ይለፉት። ሐረጉ በሌላ ፊልም፣ በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ ሲመጣ በዚያ ያለው አድማጭ ምናልባት ግልጽ ምላሽ ይሰጣል። የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ አሁን ሰባት የጥያቄ ምልክቶች አሉ፤ ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ነበሩ።